ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣ ናይትሬት የጉድጓድ ውሃችንን ምን ያህል ይበክላል? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ 250 ካሬ ሜትር ይዞታ አለን። አባቴ ያስቆፈሩት የእጅ ጉድጓድ ግቢው ውስጥ አለ፤ ውሃው ሩቅ አይደለም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በገመድና በባልዲ በቀላሉ ይደረስበታል። ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በማይመጣበት ቀን የምንጠጣውም የምናበስልበትም ከዚሁ ጉድጓድ ነው።

አሁን ከኋላ በኩል የሚከራዩ ክፍሎች እያሠራን ነው። ሲያልቅ በግቢው ስምንት ሰው ይኖራል። ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ሊሠራልን የተስማማው ግንበኛ «ከውሃው አሥራ አምስት ሜትር ካራቅሁት ምንም ስጋት የለም» ይላል። ነርስ የሆነች ዘመዴ ግን «ተሐዋስያኑን ርቀት ያስቀርልሻል እንበል፤ ናይትሬቱን ማን ያስቀርልሻል?» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ታንኩ ገና ስላልተሠራ የሚለካ ነገር የለም። ቀድሞ መገመት ይቻላል? ምን ምን ቁጥር ያስፈልጋል? የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ቁጥር አያስደነግጠኝም፤ የጎደለኝ የውሃውና የአፈሩ እውቀት ነው።

ቱንቢ

ልጄ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ብዙ ግቢ ሠርቻለሁ። ታንኩን በሁለት ክፍል አስደርጊው፤ የመጀመሪያው ዝቃጩን ይይዛል፣ ሁለተኛው ፈሳሹን ያሳልፋል። ማስረጊያውን ጠጠር እስኪገኝ ድረስ ቁፈሪ። ሆጤ ላይ የሠራሁት አንድ ጉድጓድ እስከ ዛሬ የፍሳሽ መኪና ተጠርቶለት አያውቅም፤ ሞልቶ አያውቅማ! አሥራ አምስት ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ናይትሬት የሚባለውን ነገር አባቶቻችን ስሙንም ሳይሰሙ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ኖረዋል።

ውሃ ቆፋሪ

ጋሼ ቱንቢ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። የማይሞላ ጉድጓድ ለግንበኛ ኩራት ይሁን እንጂ ለእኛ ለውሃ ሰዎች የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ነው። በየቀኑ የሚገባው ፍሳሽ የሆነ ቦታ ሄዷል። ጠጠሩ ደግሞ ጎረቤት ውሃ የሚቀዳበት ያው ጠጠር ነው።

ለቦርከና ዳር፦ አዎ፣ ይገመታል። ግን መጀመሪያ አሥራ አምስት ሜትር የሚለውን ነገር እናጥራ። ርቀት የሚለካው ለጀርም ነው። ባክቴሪያ በአፈር ይጣራል፣ በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ስለዚህ ርቀትና ጊዜ ይጠቅማሉ። የእርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት ደንብማ ሠላሳ ሜትር ይላል፤ የጉድጓዱ ወለል ደግሞ ከውሃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ናይትሬት ግን በውሃ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ ነው፤ አይሞትም፣ አይጣራም፣ አፈር ላይም አይጣበቅም፤ ውሃው በሄደበት አብሮ ይሄዳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሰው በምግብ የወሰደው ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፤ አብዛኛው በሽንት። ታንኩ ውስጥ አየር ስለሌለ አሞኒየም ሆኖ ይቆያል። ከታንኩ ወጥቶ አየር ያለበት አፈር ሲያገኝ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ፣ በደረቅና አየር በሚያስገባ አፈር ላይ የሚሰርግ ሴፕቲክ ናይትሬት በማምረት ከመጥፎው ይበልጣል። ታንኩ ዝቃጭ ይቀንሳል፤ ናይትሮጅንን የሚያስቀረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ናይትሬት በተፈጥሮ የሚጠፋው አየር በሌለበትና ብስባሽ ባለበት ረግረግ ወይም ዋልካ አፈር ውስጥ ነው፤ እዚያ ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይመለሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሚያስፈልጉሽ አራት ነገሮች ናቸው፦ በዓመት የሚወጣው ናይትሮጅን፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ድርሻ፣ የፍሳሹ ውሃ መጠን፣ ወደ ምድር የሚሰርገው ዝናብ። ናይትሮጅኑን ለውሃው ታካፍያለሽ፤ አለቀ።

አንድ ሰው የሚያወጣው ናይትሮጅን ከሚበላው ፕሮቲን በ0.13 ተባዝቶ ይገመታል። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ለሚበላ ሰው 7.8 ግራም ይሆናል፤ በዓመት ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ሥጋ በሚበዛበት አገር 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስምንት ሰው በ3 ኪሎ 24 ኪሎ ነው። ግማሹ በመንገድ ላይ ይጥፋ እንበል፤ 12 ኪሎ ይቀራል።

ውሃው፦ አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢያፈስ ስምንቱ በዓመት 146 ሜትር ኩብ ያፈሳሉ። ኮምቦልቻ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ አሥር በመቶው ይሰርጋል ብንል ከ250 ካሬ ሜትር 25 ሜትር ኩብ ይገኛል። ድምሩ 171። 12,000 ግራም ለ171 ሜትር ኩብ ሲካፈል 70 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን በሊትር ይመጣል። ወደ ናይትሬት ለመቀየር በ4.43 አባዢው፤ 311 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ 50 ነው።

ቦርከና ዳር

ከወሰኑ ስድስት እጥፍ! ይህ ቁጥር እውነት ከሆነ የሰፈራችን ጉድጓድ ሁሉ ተዘግቶ ማለቅ ነበረበት።

ጦሳ ሥር

እኔም ያንን ልል ነበር። ወንድሜ ውሃ ቆፋሪ፣ ከጻፍካቸው ቁጥሮች ውስጥ የተለካ አንድም የለም። «ግማሹ ይጥፋ እንበል»፣ «አሥር በመቶው ይሰርጋል ብንል»። በግምት ላይ ግምት ደርበህ 311 ብለህ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ መጻፍ ሰው ማስፈራራት ነው። ሦስት መቶ አሥራ አንድ! ለምን 312 አልሆነም?

ሌላም አለ። ከምድር በታች ያለው ውሃ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ከላይ ከተራራው በኩል የሚመጣ ንጹሕ ውሃ አለ፤ ያንን ሒሳብህ ውስጥ አላስገባህም።

ውሃ ቆፋሪ

ትክክል ነህ፣ አሃዙ «300 ገደማ» ተብሎ ይነበብ። የጠፋው ድርሻ ግማሽ መሆኑ ቀርቶ ሦስት አራተኛ ቢሆን 155 ገደማ ይመጣል፤ እሱም ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ነው። ግምቱ የሚያሳየው ከግቢው በታች፣ ከሌላ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል በፊት ያለውን ነው።

የሚያልፈውን ውሃ እናስገባ። የምድር ውሃ ፍሰት የሚገመተው አፈሩ ውሃ በሚያሳልፍበት ፍጥነት፣ በውሃው ወለል ተዳፋትነትና በሚያልፍበት ስፋት ብዜት ነው። ደለልና አሸዋ ለተቀላቀለበት መሬት በቀን 5 ሜትር፣ ተዳፋቱን ከመቶ አንድ፣ የውሃውን ውፍረት 5 ሜትር፣ የግቢውን ወርድ 15 ሜትር እንውሰድ። በቀን 3.75 ሜትር ኩብ፣ በዓመት 1,370 ገደማ ይሆናል። ከ171 ጋር ሲደመር 1,540። 12,000 ለ1,540 ሲካፈል ወደ 8 የሚጠጋ ናይትሮጅን፣ ማለትም 35 ገደማ ናይትሬት።

ጦሳ ሥር

ይኸው! ከ50 በታች። አልፋለች።

ውሃ ቆፋሪ

አልፋለች፤ ከላይ ያለው ጎረቤቷ ሴፕቲክ ከሌለው። ያው የሚያልፈው ውሃ መጀመሪያ በእሱ ግቢ ሥር አልፎ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው። በአንድ መስመር ሁለት ቤት ቢኖር 24,000 ግራም ለ1,711 ሜትር ኩብ ነው፤ 62 ናይትሬት። ሁለተኛው ቤት ላይ ወሰኑ ታለፈ። አሥር ቤት ቢደረደር 173 ገደማ ይደርሳል። ውሃው እየሄደ ወደ ጥልቀት ስለሚቀላቀል በእውነቱ ዓለም ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ስለዚህ የአንድ ግቢ ታንክ እንዴት ተሠራ የሚለው ክርክር ሁለተኛ ደረጃ ነው። ወሳኙ በአንድ ሄክታር ስንት ሰው አለ የሚለው ነው። ለንጽጽር ገበሬው በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢበትን 46 ኪሎ ናይትሮጅን በተነ ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ ሰብሉ ድርሻውን ይወስዳል። የቦርከና ዳር ግቢ 24 ኪሎ በ250 ካሬ ሜትር ላይ ያወርዳል፤ ወደ ሄክታር ሲመነዘር 960 ኪሎ። ሃያ እጥፍ! የሚወስደው ሰብልም የለም፣ ሲሚንቶ ነው። እኛ ግን ውሃ ተበከለ ሲባል ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ገበሬው ነው።

የሚያልፈውን ውሃ ትቶ በዝናብ ብቻ ለማቅጠን ቢታሰብ ለስምንት ሰው ወደ 9,000 ካሬ ሜትር መሬት ያስፈልጋል። ሦስት አራተኛው ይጠፋል ብንል እንኳ 3,850። የከተማ ቦታ በዚህ መጠን የሚሰጥ ማዘጋጃ ቤት ካያችሁ አድራሻውን ላኩልኝ።

ቱንቢ

ይህ ሁሉ የወረቀት ስጋት ነው። ውሃ ሲበዛበት ይቀጥናል፤ ሰው በርከት አድርጎ ይጠቀም።

ውሃ ቆፋሪ

ጋሼ፣ በፈረቃ ከሚመጣ ቧንቧ ማን በርከት አድርጎ ይጠቀማል? የውሃው መጠን ክምችቱን ያወፍራል ወይም ያቀጥናል፤ በዓመት የሚወርደው 24 ኪሎ ግን የሰው ቁጥር ነው፣ አይነቃነቅም። የወረቀት ስጋት ስላሉት ደግሞ ድሬዳዋን እጠቅሳለሁ። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ናይትሬት ከወሰን በላይ መሆኑና ምክንያቱም በዋናነት የመኖሪያ ቤቶች ሽንት ቤትና ፍሳሽ ጉድጓድ መሆኑ በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው። እዚያ ዝናቡ ከእኛ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የጦሳ ተራራ ግርጌ ስንጥቅ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። በስንጥቅ የገባ ፍሳሽ አፈር ሳያገኘው ሩቅ ምንጭ ላይ ሊወጣ ይችላል። እዚያ ይህ ዓይነቱ የማካፈል ሒሳብ ብዙም አይታመንም፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ግን ደለል ስለሆነ ይሠራል።

የሐይቅ ሰው

እናንተ ስለ ጉድጓድ ታወራላችሁ፣ እኛ ደግሞ ስለ ሐይቁ እናስባለን። የሐይቅ ከተማ ፍሳሽ የሚሰርግበት ተፋሰስ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንክርክሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። የገባ ናይትሮጅን ከዚያ ወዲያ አልጌ ይቀልባል። ይህን ሒሳብ ለተፋሰስ በሙሉ ማስላት ይቻላል?

አወያይ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው ክር ይከፈትለት። እዚህ ስለ ጉድጓድ ውሃ እንቀጥል።

ላብራቶሪ ቤት

ዘግይቼ ገባሁ። በቁጥሩ ላይ ብዙ ተባብላችኋል፤ እኔ ስለ መለካት ልናገር። እህቴ «የሚለካ ነገር የለም» ብለሻል፤ አለ። ጉድጓዱ ዛሬም ውሃ አለው፣ ጎረቤቶችሽ ዛሬም ሴፕቲክ አላቸው። ከግንባታው በፊት ያለውን ቁጥር ያዢ። ያለዚያ ነገ 60 ቢመጣ የአንቺ ይሁን የእነሱ ማን ያውቃል?

ንጹሕ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ እስከ አፉ ሙዪ፣ ከብርሃን ሸሽጊ፣ በበረዶ አድርገሽ በሁለት ቀን ውስጥ አድርሺ። ከተቀመጠ ባክቴሪያው ናይትሬቱን ይበላዋል፣ ውጤቱ ያነሰ ይመጣል። አንዱን ናሙና በበጋው መጨረሻ፣ ከክረምቱ በፊት ውሰጂ፤ ሌላውን ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት። ዝናብ በአፈር ውስጥ የተጠራቀመውን አጥቦ ስለሚያወርድ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከናይትሬት ጋር ክሎራይድም አስለኪ። ጨው የምንበላው እኛ ስለሆንን በሰው ፍሳሽ ውስጥ ክሎራይድ በብዛት አለ፤ በዩሪያ ውስጥ የለም። ሁለቱ አብረው ከጨመሩ ጣትሽን ወደ ሽንት ቤት መቀሰር ትችያለሽ።

ከሁሉ በላይ ይህን ልብ በይ፦ ወረቀቱ ላይ «12» ተብሎ ሲመጣ የምን 12 ነው? ናይትሬት ከሆነ ደኅና ነሽ። «ናይትሬት እንደ ናይትሮጅን» ከሆነ ግን 53 ናይትሬት ማለት ነው፤ ወሰኑ ታልፏል። በአሜሪካ ወሰኑ 10 የሚባለው በናይትሮጅን ሲለካ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት 50 የሚለው በናይትሬት ነው። በዚህ ምክንያት ሰው አምስት እጥፍ የሚለያዩ ሕጎች አሉ ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጤና ኬላ

ለምን 50 እንደተባለም ይታወቅ። ዋናው ስጋት በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ነው፣ በተለይ ከስድስት ወር በታች ያለ። ናይትሬት ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ሕፃኑ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። የጋሼ ቱንቢ አባቶች ሰማንያ ዓመት የኖሩት አዋቂ ሆነው ስለጠጡ ነው፤ በሕፃንነታቸው ደግሞ የእናት ጡት ጠብተዋል። እናት የምትጠጣው ናይትሬት በወተቷ ብዙም አያልፍም፤ ስድስት ወር ጡት ብቻ የምንለው ለዚህም ይጠቅማል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። «አፈላዋለሁ» የሚሉ እናቶች አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን ውሃው እየተነነ ሲሄድ ያወፍረዋል። ክሎሪንም፣ በጨርቅ ማጥለልም፣ የአሸዋ ማጣሪያም አይነኩትም። ከተከራዮችሽ አንዷ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥ ከሆነ በጉድጓድ ውሃ እንዳትበጠብጥ ንገሪያት።

ቦርከና ዳር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሒሳቡን በወረቀት ደግሜ ሠራሁት፣ ወጣልኝ። ከእኛ በላይ፣ በተዳፋቱ በኩል፣ ባለ ሴፕቲክና ባለ ጉድጓድ ሽንት ቤት ግቢዎች አሉ፤ ስለዚህ የ35ቱን ቁጥር ረስቼዋለሁ። ናሙና ከግንባታው በፊት እወስዳለሁ። ጥያቄዬ አሁን ምን ላድርግ የሚለው ነው። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ዝግ ባደርገውና በመኪና ባስመጥጥስ?

ቱንቢ

ዝግ ታንክ? ስምንት ሰው በዓመት 146 ሜትር ኩብ ያፈሳል ተብሏል። አሥር ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ ብሠራልሽ በየወሩ ከአንድ ጊዜ በላይ መኪና ትጠሪያለሽ። የኪራዩ ገንዘብ እሱን አይችለውም። ይህን የምለው ልከራከር ብዬ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። መኪናውስ የት ነው የሚደፋው? ወንዝ ዳር ከሆነ ምን ተረፈን?

ውሃ ቆፋሪ

ጋሼ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ሽንቱን ለዩት። ከናይትሮጅኑ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሽንት ውስጥ ነው፤ መጠኑ ግን ከስምንት ሰው በቀን አሥር ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግማሽ ጄሪካን። ለይቶ የሚቀበል መቀመጫና ቀጭን ቧንቧ ወደ ተከደነ በርሜል ይበቃል። ከ24 ኪሎው 19 ያህሉ ከግቢው ይወጣል፣ ወደ ማስረጊያው የሚሄደው 5 ኪሎ ነው። ያው ሒሳብ፣ ግማሹ ጠፍቶ፦ አንድ ቤት ከሆነ 7 ገደማ ናይትሬት። አሥሩም ቤት እንዲህ ቢያደርግ 36። ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አሥር ቤት ተደርድሮ ከ50 በታች የወጣው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

19 ኪሎ ናይትሮጅን ደግሞ 41 ኪሎ ዩሪያ ነው፤ የዩሪያን ዋጋ ለወሎ ሰው አልነግርም። በውሃ አቅጥኖ ለማሽላ ወይም ለጎመን ማሳ መስጠት ይቻላል። ግቢ ውስጥ ብቻ ማፍሰስ ግን ዋጋ የለውም፤ ያው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ከከተማ ዳር ማሳ ያለው ዘመድ ያስፈልጋል።

ይህ እስኪሆን ለመጠጥና ለሕፃን የቧንቧውን ውሃ በጄሪካን አጠራቅሙ፤ ጉድጓዱ ለልብስና ለጽዳት ይሁን። ማስረጊያውን ከውሃ ጉድጓዱ በታች በተዳፋቱ በኩል አድርጉት፣ ጥልቅ አትቆፍሩት። ለጎረቤት ግን ይህ መፍትሔ አይደለም፤ ከእናንተ በታች ያለው ሰው የእናንተን ይጠጣል። የጋራ የፍሳሽ መስመር እስኪመጣ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ነው ያለው።

ጦሳ ሥር

ተከራይ ሽንት ለይቶ ይቀመጣል ብለህ ታምናለህ? ምህንድስናው ይሠራል እንበል፤ ሰውየውስ?

ቦርከና ዳር

እኔም እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ግን የወንዶች መሽኛ ለብቻው ማሠራት ማንንም አያስቸግርም፤ እሱን ብቻ ባደርግ ግማሽ መንገድ አይሆንም?

ውሃ ቆፋሪ

ግማሽ አይሞላም፤ ወንዶቹ ቀኑን ውጭ ይውላሉ። ጥሩ ጅምር ግን ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ቱንቢ

መሽኛውን እኔ እሠራልሻለሁ። ቧንቧው ግን ተዳፋት ይፈልጋል፤ ቀጥ ካለ በጥቂት ወር ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይዞ ይደፈናል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመቶ ስንት ላድርገው ትላለህ፣ ውሃ ቆፋሪ?

ውሃ ቆፋሪ

ከመቶ ሁለት ቢያንስ፣ ቦታው ከፈቀደ አራት፤ ክርኖቹን ቀንሱ። ብረት አታስገቡበት፣ ይበላዋል፤ ፕላስቲክ ብቻ። በርሜሉም ክዳኑ ይጠበቅ፤ አየር ካገኘ አሞኒያው ይተናል፣ ሽታውም ሰፈሩን ያስነሳባችኋል።